ካሜራው የት ቆሞ ነበር?

(በአሽዶድ፣ ሮቫ አሌፍ ለወላጆችና ለወጣቶች የተደረገ ንግግር)



ለዛሬ የተሰጠኝ ርዕስ «ልጆቻችንና የፍንዳታ ፊልሞች» የሚል ነው። ርዕሱ የመጣው ከእናንተ ከወላጆች ነው። በሮቫ አሌፍ ከወላጆች ጋር በተገናኘን ቁጥር ከፈተናና ከቤት ኪራይ ቀጥሎ የሚነሳው አቤቱታ ይህ ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት ይመጣል፣ ቦርሳውን ይወረውራል፣ ስልኩን ይከፍታል፤ ከዚያ እስከ ማታ መኪና ሲገለበጥ፣ ሕንፃ ሲናድ፣ ሄሊኮፕተር ሲቃጠል ሲያይ ይውላል። አንዲት እናት «ከጦርነት አገር ይዤው የመጣሁት ጦርነት እያየ እንዲያድግ ነው ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም።

«ከልክሏቸው» ወይም «ተዉአቸው» ብዬ በአንድ ቃል ልጨርሰው እችል ነበር። ነገር ግን የተማርኩት መምህርነት ስለሆነ ነገር ማስረዘም ልማዴ ነው፤ ታገሡኝ። ዛሬ ስለ አንድ ካሜራማን ልነግራችሁ አስቤአለሁ። አብዛኞቻችን ስሙን አናውቀው ይሆናል፤ ያነሳውን ምስል ግን ዓለም ሁሉ አይቶታል። ወደ እርሱ ከመድረሳችን በፊት ግን ልጆቻችን የሚወዱት እሳት እንዴት እንደሚሠራ እንይ። አሠራሩን ሳናውቅ ከልጅ ጋር ብንከራከር ልጁ ይረታናል።

በፊልም የምናየው ያ ትልቅ ብርቱካንማ እሳት፣ እንደ ደመና እየተጠቀለለ ወደ ላይ የሚወጣው፣ የእውነተኛ ፈንጂ መልክ የለውም። በውትድርና ያለፋችሁ ታውቁታላችሁ። እውነተኛ ፈንጂ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ለዓይን የሚተርፈው አቧራና ጥቁር ጭስ ነው። የሚገድለውም የማይታየው የአየር ግፊትና ስብርባሪው ነው። ይህ ለካሜራ አይመችም። ስለዚህ የፊልም ባለሙያዎች ቤንዚን ይጠቀማሉ። ከወፍራም ብረት የተሠራ እንደ ትልቅ ድስት ያለ ዕቃ መሬት ውስጥ ወይም ከግድግዳ ጀርባ ይደብቃሉ። ከሥሩ ጥቂት ባሩድ፣ ከላዩ ቤንዚን ይደረጋል። ባሩዱ ሲተኮስ ቤንዚኑን ወደ ላይ ይረጨዋል፤ የተረጨው ቤንዚን አየር ላይ ይቀጣጠላል። ቀስ ብሎ ስለሚነድ ዓይን ይሞላል። አብሮ የሚበተነው «ድንጋይ» ብዙ ጊዜ ቡሽና ሌላ ቀላል ነገር ነው። የሚሰባበረው መስተዋት ድሮ ከስኳር ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ከፕላስቲክ መሰል ነገር ይሠራል። ተዋናዩ ደረቱን ሲመታ የሚፈሰው ደም ደግሞ ከሸሚዙ ሥር በተለጠፈች ትንሽ ከረጢት ውስጥ የነበረ ቀይ ፈሳሽ ነው።

አሁን ወደ ካሜራው እንምጣ። አንድ ቤት የሚፈነዳው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ «እስቲ ድገሙት» አይባልም። በዚህ ምክንያት አራት፣ አምስት፣ ከዚያም በላይ ካሜራ በተለያየ ቦታ ይተከላል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይቀርጻሉ። የተለመደው ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ያነሳል። ለፍንዳታ የተዘጋጀው ካሜራ በሴኮንድ 120 ምስል ካነሳ፣ በተለመደው ፍጥነት ስናየው አንዷ ሴኮንድ አምስት ሴኮንድ ትሆናለች። ልጆች «ስሎው ሞሽን» የምትሉት ይኸው ነው። ከዚያ ጀግናው ወደ ኋላው ሳያይ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ እሳቱን ከጀርባው ጥሎ ሲሄድ ታያላችሁ። እሳቱ ልብሱን ሊነካው የደረሰ ይመስላል። እውነቱ ግን እሳቱ ከእርሱ ብዙ ሜትር ይርቃል። ሩቅ የሚያይ ረጅም ሌንስ የፊቱንና የኋላውን አጠጋግቶ ስለሚያሳይ ነው ዓይናችን የሚታለለው። ዛሬ ከዚህ ብዙው በኮምፒዩተር ይሠራል፤ ኮምፒዩተሩም የሚቀዳው ይህንኑ የቤንዚን እሳት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን የአሽዶድ ልጅ ከሆሊውድ ሰዎች ይልቅ ያውቀዋል። በፊልም ላይ እሳቱም ድምፁም በአንድ ጊዜ ይመጣሉ። በእውነት ግን ብርሃን ይቀድማል፣ ድምፅ ይዘገያል። ድምፅ በሴኮንድ ወደ 340 ሜትር ያህል ስለሚሄድ ለአንድ ኪሎ ሜትር ሦስት ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ ሮኬት ወደ ከተማችን መድረስ ከጀመረ ወዲህ፣ በ2012፣ በ2014፣ በ2023ም ልጆቻችን ይህንን ትምህርት ከሰማይ ተምረውታል። ሲረኑ ይጮኻል፤ 45 ሴኮንድ አለ። አያት ይደገፋሉ፣ ሕፃን ይታቀፋል፣ ማማድ በሌላቸው አሮጌ ሕንፃዎች ደረጃ ላይ ጎረቤት ከጎረቤት ይተፋፈጋል። ከዚያ ኪፓት ባርዜል ሰማይ ላይ ብልጭ ሲያደርግ ያየ ልጅ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» እያለ ይቆጥራል፤ ከዚያ በኋላ ነው ቡም የሚለው። ፊዚክስ ያስተማረው የለም።

ታዲያ እውነተኛውን ቡም የሚያውቅ ልጅ ለምን የሐሰቱን ይወዳል? እኔ እንደሚመስለኝ፣ በፊልሙ ውስጥ እሳቱ መቼ እንደሚነሳ የሚያውቅ ሰው ስላለ ነው። ቁልፉን የያዘ አለ፤ ጀግናው እንደማይሞት የታወቀ ነው፤ ድምፁን መቀነስ ይቻላል። በደረጃው ላይ ሲቀመጥ ግን ይህ ሁሉ የለም። ስለዚህ አክሽን ፊልም የሚወድ ልጅ ሁሉ ጦርነት ናፋቂ ነው ብላችሁ አትፍሩ። ትንንሾቹን ግን ለዩአቸው። አምስትና ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ ቤንዚኑን ከሮኬቱ አይለይም፤ ፍንዳታ ሲያይ ጆሮውን የሚይዝ፣ ወይም ማታ ከመኝታው የሚነሳ ልጅ ካለ ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። ታላቅ ወንድም ቢቆጣም ይቆጣ።

እኛ ትልልቆቹም ብንሆን ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። በአዲስ አበባና በሌሎችም የአገሪቱ ከተሞች ቪዲዮ ቤት የነበረበትን ዘመን የምታስታውሱ እጃችሁን አታውጡ፤ አውቃችኋለሁ። «ራምቦ»፣ «ኮማንዶ»፣ ቻክ ኖሪስ! ቋንቋው ሳይገባን ተጋፍተን እናይ ነበር። የሚገርመው ነገር፣ ከእነዚያ የቻክ ኖሪስ ፊልሞች ብዙዎቹን የሠሩት የዚህ አገር ሰዎች ናቸው። መናሔም ጎላን በጥብርያዶስ በ1929 የተወለደ ሰው ነው፤ ከዘመዱ ከዮራም ግሎቡስ ጋር ካነን የሚባለውን የአሜሪካ ድርጅት በ1979 ገዝተው እነ «ሚሲንግ ኢን አክሽን»ን በ1984፣ «ዴልታ ፎርስ»ን በ1986 አወጡ። «ዴልታ ፎርስ» የተቀረጸው እዚሁ እስራኤል ነው። የ1988ቱ «ራምቦ 3»ም የአፍጋኒስታን በረሃ ከፊሉ የተቀረጸው እዚሁ እስራኤል ነው። ወደ እየሩሳሌም እንሄዳለን እያልን ስንናፍቅ፣ ሳናውቀው አገሩን በቪዲዮ ቤት አይተነው ኖሯል።

ወደ ካሜራማኑ ልመለስ። ስሙ መሐመድ አሚን ይባላል፤ ሰዎች በአጭሩ «ሞ» ይሉት ነበር። በ1943 ናይሮቢ ተወለደ፤ ቤተሰቡ ከህንድ አገር ወገን ነው። ልጅ ሳለ ወደ ዳሬ ሰላም ሄዱ። ገና ተማሪ ሆኖ አንዲት ርካሽ አሮጌ ካሜራ አገኘና በዚያው ፎቶ አንሺ ሆኖ ቀረ። በሃያ ዓመቱ፣ በ1963፣ ካሜራፒክስ የሚባል የራሱን ድርጅት አቋቋመ። የዛንዚባርን አብዮት ቀረጸ፤ ዛንዚባር ውስጥም ታሰረ። ባለጸጋ አባት አልነበረውም፤ ከፍተኛ የፊልም ትምህርት ቤትም አልገባም።

የእርሱ ዘዴ ምን ነበር? ሥራውን ስመለከተው ሦስት ነገር አያለሁ። ከሌሎች በፊት እቦታው ይደርሳል። የፎቶውንም የቪዲዮውንም ካሜራ አብሮ ይይዛል፤ አንዱ ያመለጠውን ሌላው ይይዛል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ይጠጋል፣ ዝቅ ይላል፣ ካሜራውንም አያቻኩለውም።

ይህ ሦስተኛው ነገር ጎልቶ የታየው በወሎ፣ ኮረም ላይ ነው። በኦክቶበር 1984 ከእንግሊዙ ጋዜጠኛ ከማይክል በርክ ጋር ሄዶ በድርቁ የተጎዳውን ሕዝብ ቀረጸ። ንጋት ነው፤ ብርድ ነው፤ ሰው መሬት ላይ ተኝቷል፤ የእሳት ጭስና ጉም አንድ ሆኗል። ካሜራው በዚያ መካከል ቀስ ብሎ ያልፋል። ሩጫ የለም፣ ጩኸት የለም፣ አንድም ነገር አይፈነዳም። ፊልሙ ኦክቶበር 23 ቀን በቢቢሲ ታየ፤ ከዚያ በዓለም ዙሪያ ተሠራጨ። በሚቀጥለው ዓመት በጁላይ 1985 ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ የተደረገው ታላቁ የሙዚቃ ዝግጅት ላይቭ ኤይድ የዚህ ፊልም ልጅ ነው። እርግጥ ነው፣ ያ ምስል ኢትዮጵያን ለብዙ ዓመት «የረሃብ አገር» አድርጎ አስቀርቷታል፤ እኛም እዚህ ስንመጣ በዚያው ዓይን የታየንበት ጊዜ ነበር። ቢሆንም በዚያ ፊልም ምክንያት እህል ደርሷል፤ ይህንን መካድ አይገባም።

ከዚያ 1991 መጣ። ይህንን ዓመት በዚህ አዳራሽ ውስጥ የማያውቅ ትልቅ ሰው የለም። ሜይ 24 እና 25 ዘመቻ ሰለሞን ተደረገ፤ ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ከአዲስ አበባ ወጡ። ሜይ 28 ኢሕአዴግ ከተማዋን ያዘ። ጁን 4 ቀን ገና ሳይነጋ በአዲስ አበባ አንድ የጥይት መጋዘን ተቃጠለ፤ ከተማው ተናወጠ። እኛ ከወጣን አሥር ቀን መሆኑ ነው። ሌላው ሰው ከእሳቱ ሲሸሽ መሐመድ አሚን ካሜራውን ይዞ ወደ እሳቱ ሄደ፤ ሥራው ይህ ነበርና። ሁለተኛው ፍንዳታ አገኛቸው። አብሮት የነበረው የድምፅ ባለሙያ ጆን ማታይ ሞተ። መሐመድ አሚን ግራ እጁን አጣ።

ልጆች፣ ይህንን ከፊልሙ ጋር አስተያዩት። ብርቱካንማ ደመና፣ አምስት ካሜራ፣ መነጽር ያደረገ ጀግና የለም። አንድ ሰው ሞቷል፤ ሌላው እጅ የለውም። ሰውዬው ከዚያ በኋላ ምን አደረገ? ሰው ሰራሽ እጅ ተገጥሞለት እንደገና መቅረጽ ተማረ፤ ወደ ሥራውም ተመለሰ። ኖቬምበር 23 ቀን 1996 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲበር አውሮፕላኑ ተጠለፈ፤ ነዳጅ አለቀበትና ኮሞሮስ ደሴት አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። ከ175 ሰው 125ቱ ሞቱ፤ መሐመድ አሚንም ከእነርሱ አንዱ ነበር። የአውሮፕላኑን አወዳደቅ ባሕር ዳር ለሽርሽር የመጣ ሰው በትንሽ ቪዲዮ ካሜራው ቀርጾት፣ ያ ምስል በየቴሌቪዥኑ ታይቷል። ታላቁ ካሜራማን ውስጥ ነበረ፤ ካሜራው ውጭ ነበረ።

ይህንን የምነግራችሁ ወደ አንድ ጥያቄ ልወስዳችሁ ነው። ካሜራው የት ቆሞ ነበር? በማን ትከሻ ላይ?

ኮረም በተቀረጸበት በዚያው በ1984 የእኛ ሰዎች ሱዳን ነበሩ። ገዳሪፍ፣ ኡም ራኩባ። በእግራቸው ከጎንደርና ከትግራይ ወጥተው፣ ሌሊት ሌሊት ተጉዘው፣ በመንገድና በካምፕ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች ያለቁበት ነው። የዚያ ምስል የት አለ? የለም ማለት ይቻላል። ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ምስጢር ነበር፤ አይሁዳዊ መሆን የሚደበቅበት ቦታ ላይ ፎቶ ማንሳት ሰው ማስገደል ነው። ዘመቻ ሙሴም በኖቬምበር 1984 ተጀምሮ፣ ወደ 8,000 የሚጠጋ ሰው ካመጣ በኋላ፣ ወሬው በጃንዋሪ 1985 በጋዜጣ ሲወጣ ተቋረጠ። ስለዚህ ከዚያ መንገድ ለብዙ ቤተሰብ የቀረ ፎቶ የለም። የመጀመሪያው ፎቶአችን እዚህ ከደረስን በኋላ ለመታወቂያ የተነሳነው ነው፤ ወይም ደግሞ ከአውሮፕላን ስንወርድ፣ ግንባራችን ላይ ቁጥር ተለጥፎ፣ በባዶ እግር፣ ጋዜጠኞች ያነሱን ነው። በዚያ ፎቶ ላይ ያሉት አዛውንት በአገራቸው ዳኛ ይሁኑ፣ አንጥረኛ ይሁኑ፣ ቄስ ይሁኑ ፎቶው አይናገርም። ያነሳቸው ሰው አላወቀም፤ አልጠየቀምም።

ባዶ ቦታ ሲገኝ ሌላው ይሞላዋል። በ2019 ኔትፍሊክስ በእንግሊዝኛ «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» የሚል ፊልም አወጣ። ልጆቹ አይተውታል። በ1980ዎቹ የሞሳድ ሰዎች በሱዳን ቀይ ባሕር ዳር አሩስ በሚባል ቦታ የመዝናኛ ሆቴል ከፍተው፣ ቀን ቱሪስት እያስተናገዱ ሌሊት ወገኖቻችንን ያወጡበትን እውነተኛ ታሪክ መነሻ አድርጎ የተሠራ ነው። ዳይሬክተሩ ጊድዖን ራፍ ነው፤ የተቀረጸው በናሚቢያና በደቡብ አፍሪካ ነው። ዋናው ተዋናይ ክሪስ ኢቫንስ ነው፤ «ካፒቴን አሜሪካ» ሆኖ የሠራው ማለት ነው።

ፊልሙ ጥሩ ተሠርቷል፤ ልብ ያንጠለጥላል። የሞሳድ ሰዎች ሕይወታቸውን አደጋ ላይ ጥለው መሥራታቸውም እውነት ነው፤ ውለታቸውን አንረሳም። ግን ካሜራውን ተመልከቱ። ሲሮጥ ከእነርሱ ጋር ይሮጣል፣ ሲፈራ ከእነርሱ ጋር ይፈራል፣ ሲቀልድም ከእነርሱ ጋር ይቀልዳል። የእኛ ሰዎች በጭነት መኪና ላይ ተጨናንቀው፣ ዝም ብለው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው ነው ብዙውን ጊዜ የሚታዩት። ከበደ የሚባል አንድ ሰው አለ፤ እርሱ የተቀዳው ከፈረደ አክሉም ነው ይባላል። ፈረደ አክሉም መምህር ነበር። ሱዳን ገብቶ መንገዱን የከፈተ፣ ለወገኑ «መንገዱ በሱዳን ነው» ብሎ የላከ ሰው ነው። በ2009 ለጉብኝት አዲስ አበባ ሄዶ አረፈ። በፊልሙ ግን የጀግናው አጋዥ ሆኖ ቀርቷል። በካምፑ ውስጥ ስም የሚመዘግቡ፣ ገንዘብና መድኃኒት የሚያደርሱ፣ ሌሊት ሰው ሰብስበው ወደ መኪናው የሚያመጡ የኮሚቴ ልጆች ነበሩ። የእኛው ልጆች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ተይዘው ተገርፈዋል። አክሽን ፊልም ከተባለ ይህ ነበር አክሽኑ! ካሜራው ከመኪናው ፊት ወንበር ወርዶ ከኮሚቴው ልጅ ጀርባ ቢቆም ኖሮ ፊልሙ ሌላ ፊልም በሆነ ነበር።

ሌላ ቦታ የቆመ ካሜራም አለ። አለምወርቅ ዴቪዲያን በዘመቻ ሰለሞን በልጅነቷ የመጣች እህታችን ናት። በ2018 «ኤጽ ትዔና»ን፣ በአማርኛ «የበለስ ዛፍ» ማለት ነው፣ ሠራች። ጊዜው 1989፣ ቦታው አዲስ አበባ ነው። ሚና የምትባል ልጅ ወደ እስራኤል ለመምጣት ቤተሰቧ ሲዘጋጅ፣ የምትወደውን ልጅ ለግዳጅ ውትድርና እንዳይወስዱት ትደብቀዋለች። የጦርነት ፊልም ነው፤ ግን ጦርነቱ ያለው ውጭ በሚሰማው የመኪና ድምፅ ውስጥ ነው። መኪናው ሲቆም ልባችሁ ቀጥ ይላል። በደርግ ጊዜ አፈሳ ያየ ሰው ያንን ዝምታ ያውቀዋል። አስር ዓመት ቀደም ብሎ በ2008 ሽሙኤል ቤሩ «ዘሩባቤል»ን ሠርቶ ነበር፤ በእኛ ሰው እጅ የተሠራ የመጀመሪያው ረጅም የእስራኤል ፊልም ነው። በዚያ ውስጥ እንደ ስፓይክ ሊ ፊልም ሠሪ ልሁን የሚል ትንሽ ልጅ ካሜራ ይዞ ሰፈሩን ሲቀርጽ ይታያል። ያንን ልጅ ሳየው ከዚህ ከሮቫ አሌፍ የመጣ ይመስለኛል።

ደግሞም ማንም ያልያዘው ካሜራ አለ። በአፕሪል 2015 መጨረሻ በሖሎን ከተማ ደማስ ፓቃዳ የተባለ ወጣት፣ የጽሃልን ልብስ እንደለበሰ፣ በፖሊስ ተደበደበ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የጥበቃ ካሜራ ቀረጸው። ድምፅ የለው፣ ጥራት የለው። ያ ምስል ባይኖር ኖሮ «ወታደሩ ነው የጀመረው» ተብሎ ነገሩ ይዘጋ እንደነበር ሁላችን እናውቃለን። ምስሉ ስለነበረ በሳምንቱ ውስጥ እየሩሳሌምና ቴል አቪቭ ላይ በሺህ የሚቆጠር ሰው ወጣ። እኔ እስከ ዛሬ ካየኋቸው ፊልሞች ሁሉ ይህችን አጭር ምስል ያህል አገር ያናወጠ አላየሁም፤ ቤንዚንም አላስፈለጋትም።

አሁን ለወላጆች የምለው ይህ ነው። ልጁ አክሽን ፊልም ሲያይ አንድ ቀን አጠገቡ ቁጭ በሉ። ቋንቋው ባይገባችሁ ግድ የለም። ጠይቁት፤ «ካሜራው አሁን የት ነው? ከማን ጋር ነው የምንሮጠው? ይህ ሰው ለምን ስም የለውም?» በሉት። ልጁ በመጀመሪያ ይሰለቻል፤ በሦስተኛው ጊዜ ራሱ መናገር ይጀምራል። ኮልኖዓ፣ ማለትም የፊልም ትምህርት፣ በዚህ አገር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለባግሩት በአምስት ዩኒት የሚሰጥ ትምህርት ነው፤ ልጃችሁ «ኮልኖዓ ልማር» ሲል «ሥራ የለውም፣ ጨዋታ ነው» ብላችሁ አትዝጉበት። በስዴሮት አጠገብ ያለው ሳፒር ኮሌጅም የፊልም ትምህርት ክፍል አለው፤ ከዚህ ሩቅ አይደለም። ከዚያ የሚወጣ ልጅ ሁሉ ሀብታም ይሆናል አልልም፤ ብዙዎቹ በመጀመሪያ ሠርግ ይቀርጻሉ። ሠርግ መቅረጽም ሙያ ነው፤ የእኛ ሠርግ ደግሞ አያልቅም።

ለልጆቹ ደግሞ። ካሜራ የለንም አትበሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ግርማ በርታ የሚባል ወጣት በስልኩ መንገድ ላይ የሚያልፈውን ሰው ያነሳል፤ ሊስትሮውን፣ ተሸካሚውን፣ ነጠላ የለበሱትን እናት። ከዚያ ዙሪያውን በሙሉ ቆርጦ ያወጣና ሰውየውን ከነጥላው በአንድ ደማቅ ቀለም ላይ ብቻውን ያቆመዋል። ሰው በግርግር ውስጥ የማያየውን ሰው ያሳየዋል። በዚህ ሥራው በ2016 ጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም የሰጡትን ሽልማት አግኝቷል። መሣሪያው እናንተ ኪስ ውስጥ ያለው ነው።

የሚሮጥ ነገር ማንሳት ለሚወድ አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። አውቶቡስ ሲያልፍ ስልኩን አታቁሙት፤ ከአውቶቡሱ እኩል ወገባችሁን እያዞራችሁ ተከተሉት። አመሻሽ ላይ፣ ብርሃኑ ሲቀንስ፣ አውቶቡሱ ጥርት ብሎ ኋላው እንደ ውሃ ይፈሳል። ሰው ስታነሱ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በተለይ አዛውንትን። በድብቅ የተነሳ ሽማግሌ አንገቱን ደፍቶ ይገኛል፤ የተጠየቀ ሽማግሌ ኩታውን አስተካክሎ፣ ቀጥ ብሎ ይነሳል። ሁለቱ ፎቶዎች አንድ አይደሉም።

አያታችሁን ስትቀርጹ ስልኩን አግድም ያዙት፤ መስኮቱ ከፊታቸው እንጂ ከጀርባቸው አይሁን፤ ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። ወንበር ላይ ቆማችሁ ከላይ አትቅረጿቸው፤ ዝቅ በሉ፣ ከዓይናቸው እኩል ሁኑ። «ሱዳን እንዴት ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ደህና ነበር» ብለው ዝም ይላሉ። «ከቤት ስትወጡ በእጅዎ ምን ይዘው ነበር?» በሏቸው። ከዚያ ዝም በሉ። ዝም ቢሉም አታቋርጡ፤ ካሜራውን አትዝጉ። ሲያለቅሱ ከዘጋችሁት በኋላ የሚናገሩት ነገር አይያዝም። ይህንን ዘንድሮ ያልቀረጸ ከሚቀጥለው ዓመት ላያገኘው ይችላል፤ በየሳምንቱ ለቀብር የምንሄድ ሰዎች ነን።

አሁን ንግግሬን ላቁምና ወደ ሥራ እንግባ። ከኋላ ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ጨርቅ ዘርግተናል፤ የፕላስቲክ መኪናም አለ፤ አንድ ኪሎ ፉርኖ ዱቄት አምጥቻለሁ፣ ጤፍ ዋጋው ስለማይቀመስ። መብራቱን እናጠፋለን። አንድ ልጅ ከመኪናው ጀርባ ሆኖ የእጅ ባትሪ ያበራል፣ ሌላው ዱቄቱን ከሥር ወደ ላይ ይበትናል፣ ሦስተኛው በስልኩ በስሎው ሞሽን ይቀርጻል። ዱቄቱ ብርሃኑን ሲያገኝ ፍንዳታውን ታያላችሁ። በቤታችሁ ስትሞክሩት ሻማና ምድጃ አጠገብ እንዳይሆን አደራ፤ በአየር ላይ የተበተነ ዱቄት እሳት ካገኘ ከምሩ ይፈነዳል። እናቶች፣ ወለሉን ልጆቹ ራሳቸው ይጠርጋሉ፤ ተነጋግረናል። መጀመሪያ ባትሪውን የሚይዝልኝ ማነው?